የውሃ ሁኔታ በዓሣ አካልና ዋና ላይ የሚያስከትለው ለውጥ፤ ከቤንችና ከቴፒ ወንዞች አንጻር

መግቢያ

ዓሣ በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ቋሚ ስፍራ ከተሰጣቸው እንስሳት አንዱ ነው። መምህሩ የዓሣን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይነድፋል፤ ተማሪዎችም ስንጥቡን፣ ክንፎቹን፣ ቅርፊቱንና ጅራቱን በቀስት እያመለከቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ይህ ዐይነቱ ትምህርት የአካል ክፍሎችን ለይቶ ለማወቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከሥዕሉ ላይ ዘወትር የሚጎድል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውሃው ነው።

ዓሣን ከሚኖርበት ውሃ ለይቶ ማጥናት ኩራዝን ያለ ጋዙ እንደ መመርመር ይቆጠራል። የውሃው ሙቀት፣ በውስጡ የሟሟው ኦክሲጅን፣ የፍሰቱ ፍጥነት፣ የአሲድነቱ መጠንና የተሸከመው ደለል ዓሣው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ በተለይም ምን ያህል ሊዋኝ እንደሚችል ይወስናሉ።

ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሁኔታዎች በዓሣ አካል ላይ የሚሠሩበትን መንገድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቤንችና በቴፒ አካባቢ ካሉት ወንዞች ጋር እያገናዘበ ያብራራል። ዋና ሐሳቡም በአጭሩ የሚከተለው ነው። ውሃ ሲበላሽ ዓሣን ከመግደሉ አስቀድሞ ትርፍ ጉልበቱን ይወስድበታል። ትርፍ ጉልበቱን ያጣ ዓሣ ለጊዜው በሕይወት ቢኖርም ምግቡን ለማደን፣ ከጠላት ለማምለጥና ወደ መራቢያው ስፍራ ለመውጣት አይችልም። ስለሆነም የወንዝን ደኅንነት በሞቱ ዓሦች ቁጥር ብቻ መለካት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ መድረስ ይሆናል።

ሀ. አገሩና ወንዞቹ

ዛሬ ሚዛን አማን በሚል ስም የምትጠራው ሚዛን ተፈሪ፣ ሸይ ቤንች፣ ቴፒና አካባቢያቸው ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛሉ። አገሩ ዝናቡ ብዙ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው። በበቃንና ቴፒን የመሳሰሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም የሚገኙት በዚሁ ምድር ላይ ነው።

ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ከፍተኛ ስፍራዎች የሚነሡት የጊሎና የአኮቦ ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው ከፒቦር ወንዝ ጋር ይቀላቀላሉ። ፒቦርም ከባሮ ጋር ሲገናኝ ሶባት የሚባለው ወንዝ ይሆንና ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ በመባል የሚታወቀው ይህ አገር ከ100 በላይ የዓሣ ዐይነቶች የተመዘገቡበት ስለሆነ፣ በዓሣ ዐይነት ብዛት ከኢትዮጵያ ተፋሰሶች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል።

ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጋምቤላ ከተማ 525 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከቡናው አገር ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ሜዳ የሚወርድ ውሃ እንግዲህ ከ900 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል ማለት ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ቀዝቃዛ፣ ፈጣንና ድንጋያማ የነበረው ወንዝ ሞቃት፣ ዘገምተኛና ጭቃማ ይሆናል። በላይኛው ክፍል የሚኖረው ዓሣና በታችኛው ክፍል የሚኖረው ዓሣ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ቢሆኑም የሚገጥማቸው ፈተና አንድ ዐይነት አይደለም። ተፈጥሮ ለተማሪው ያዘጋጀችለት ቤተ ሙከራ ይኸው ቁልቁለት ነው።

ለ. ዓሣ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ

አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል ከፍታ 280 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግን በዚያው ከፍታ ከ9 ሚሊግራም ብዙም የማይበልጥ ኦክሲጅን ነው የሚይዘው። በሌላ አነጋገር፣ ውሃ የሚተነፍሰው ዓሣ አየር ከሚተነፍሰው እንስሳ ጋር ሲነጻጸር በእጁ ያለው ኦክሲጅን ወደ ሠላሳ እጅ ያነሰ ነው። በሚዛን ተፈሪ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ20 ዲግሪ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ወደ 7.6 ሚሊግራም ይወርዳል። ከዚህም በላይ ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የከበደ ስለሆነ፣ በስንጥብ በኩል ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ቀላል አይደለም።

ዓሣ ይህን ችግር የሚያሸንፈው በስንጥቡ አሠራር ነው። አፉን ከፍቶ ውሃውን ካስገባ በኋላ አፉን ዘግቶ በስንጥቡ ክዳን በኩል ያስወጣዋል። ውሃው የሚያልፈው እጅግ ስስ በሆኑ የስንጥብ ቅጠሎች መካከል ሲሆን፣ በቅጠሎቹ ውስጥ ያለው ደም የሚሄደው ከውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በዚህም ምክንያት ደሙ በመንገዱ ሁሉ ከራሱ ይልቅ በኦክሲጅን የበለጸገ ውሃ ያገኛል። ውሃውና ደሙ በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ መጠናቸው እኩል በሆነበት ስፍራ ላይ ልውውጡ ይቆም ነበር። በተቃራኒ በመሄዳቸው ግን በኦክሲጅን አያያዝ የሠለጠኑት ዓሦች ከውሃው ውስጥ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ኦክሲጅን ለመውሰድ ይችላሉ።

ነገር ግን ስንጥብ ለኦክሲጅን ብቻ የተከፈተ በር አይደለም። የወንዝ ዓሣ ደም ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ሲገባ፣ ጨው ደግሞ ወደ ውጭ ይሸሻል። ዓሣው ትርፉን ውሃ በብዙ ሽንት ያስወግዳል፤ የጠፋውንም ጨው ጉልበት እያወጣ በስንጥቡ በኩል መልሶ ይሰበስባል። ዓሣው ብዙ ኦክሲጅን ለማግኘት ሲል ወደ ስንጥቡ ብዙ ደም በላከ ጊዜ ብዙ ጨው ይጠፋበታል። ለመተንፈስ የሚከፈተው በር ሌላ ሀብት የሚወጣበት በር ስለሆነ፣ የዓሣ ኑሮ ሁልጊዜ በገቢና በወጪ ሚዛን ላይ የቆመ ነው።

ሐ. ሙቀት ፍላጎትን ሲጨምር፣ አቅርቦትን ሲቀንስ

ዓሣ የራሱን የሰውነት ሙቀት ጠብቆ አይኖርም፤ ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝም ይቀዘቅዛል። በሰውነቱ ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት በእጥፍ ይፈጥናል። የኦክሲጅን ፍላጎቱም እንደዚሁ በእጥፍ ያድጋል።

በአንጻሩ ውሃ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ያለው ውሃ 9.1 ሚሊግራም ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ የደረሰው 7.6 ሚሊግራም ብቻ ነው የሚይዘው። አቅርቦቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ሲቀንስ ፍላጎቱ በእጥፍ ይጨምራል። ስለሆነም ሙቀት ዓሣን ከሁለት ወገን ያጠቃዋል።

ከዚህ በመነሣት የወንዝ ዳር ዛፎች ጥቅም ምን እንደሆነ ለመረዳት ይቻላል። በጥላ ሥር የሚሄድ ጅረት በቀን ጊዜ ብዙ አይሞቅም። ዛፎቹ ሲቆረጡ የቀኑ ሙቀት ከፍ ይላል፤ አፈሩም ተጠርጎ ወደ ወንዙ ይገባል። ደለል በስንጥብ ቅጠሎች ላይ ሲለጠፍ ኦክሲጅን የሚያልፍበትን ገጽ ይሸፍናል፤ በጠጠር መካከል የተጣለውንም የዓሣ ዕንቁላል አየር ያሳጣዋል። ስለዚህ በወንዝ ዳር የቆመ ዛፍ ለዓሣው ከስንጥቡ ቀጥሎ የሚታሰብ የመተንፈሻ ረዳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መ. የመዋኘት ዋጋ

በውሃ ውስጥ የሚሄድ አካል የሚገጥመው ግፊያ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለመዋኘት የሚጠይቀው ኃይል ደግሞ ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ በጎርፍ ወራት ፍሰቱ የፈጠነ ወንዝ ዓሣውን ወደ ታች እንዳይወስደው ዓሣው የሚከፍለው ዋጋ ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ አብልጦ ያድጋል። በፈጣን ወንዝ ውስጥ ያሉ ዓሦች በድንጋይ ጀርባ ተጠግተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣ ሁለት ዐይነት ዋና አለው። የመጀመሪያው ለረዥም ጊዜ የሚቀጥል ዝግ ያለ ዋና ሲሆን፣ በቀይ ጡንቻ የሚሠራና በየጊዜው ከስንጥብ በሚመጣው ኦክሲጅን የሚካሄድ ነው። ሁለተኛው ከጠላት ለማምለጥ ወይም ፏፏቴ ለመዝለል የሚያገለግለው ድንገተኛ ሩጫ ነው። ይህ በነጭ ጡንቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ያለ ኦክሲጅን ለአጭር ጊዜ ሊካሄድ ይችላል። ይሁንና ከሩጫው በኋላ በጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ስለሚከማች ዓሣው ያንን ዕዳ በኦክሲጅን መክፈል አለበት። ዕዳውን ከፍሎ እስኪጨርስም ሰዓታት ሊፈጅበት ይችላል። ውሃው ኦክሲጅን ያነሰው ከሆነ ዕዳው ሳይከፈል ይቆያል፤ ሁለተኛ ጠላት በመጣ ጊዜም ዓሣው የሚሮጥበት ጉልበት አይኖረውም።

ሠ. የአካባቢ ሁኔታዎች የሚሠሩባቸው አምስት መልኮች

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራይ የተባለ ካናዳዊ ሊቅ በ1947 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ የአካባቢ ሁኔታዎች በዓሣ ላይ የሚሠሩባቸውን መንገዶች በአምስት ከፍሏቸዋል። ይህ አከፋፈል ለማስተማር ምቹ ስለሆነ በአጭሩ እንደሚከተለው ይቀርባል።

1ኛ. ገዳይ ሁኔታ፤ የዓሣውን ሕይወት በቀጥታ የሚያጠፋ ነው። በጣም የሞቀ ወይም ኦክሲጅን ያለቀበት ውሃ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

2ኛ. ተቆጣጣሪ ሁኔታ፤ የሰውነት ሥራ የሚካሄድበትን ፍጥነት የሚወስን ነው። ዋነኛው ሙቀት ነው።

3ኛ. ገዳቢ ሁኔታ፤ ዓሣው ሊሠራ የሚችለውን ከፍተኛ ሥራ የሚወስን ነው። ዋነኛው ኦክሲጅን ነው።

4ኛ. አባካኝ ሁኔታ፤ ዓሣው ለኑሮው ሊያውለው የሚገባውን ጉልበት ለሌላ ሥራ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ነው። የጨውን ሚዛን ለመጠበቅ የሚወጣው ጉልበት ከዚህ ይመደባል።

5ኛ. መሪ ሁኔታ፤ ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተው ነው። ክረምት ሲገባ የሚጨምረው የወንዝ ፍሰት ብዙ ዓሦችን ወደ መራቢያቸው ይመራል። በጣና ሐይቅ ያሉ አያሌ የባርቦ ዐይነቶች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራንና ርብን ወደ መሳሰሉ ገባር ወንዞች የሚወጡት ለዚህ ነው።

ፍራይ ከዚህ ጋር አያይዞ አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አቅርቧል። ዓሣው ዐርፎ ሳለ የሚፈልገው ኦክሲጅንና በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክሲጅን ሲነጻጸሩ በመካከላቸው ልዩነት ይገኛል። ይህ ልዩነት የዓሣው ትርፍ ጉልበት ነው። አንድ ገበሬ ከምርቱ ላይ ለዘርና ለቤት ፍጆታ የሚሆነውን ካነሣ በኋላ የሚተርፈው እህል ነው የሚሸጠውና ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው። ትርፍ የሌለው ቤት በደኅናው ዓመት ይኖራል፤ አንድ ክፉ ወር ሲመጣ ግን ይፈርሳል። የዓሣም ነገር እንደዚሁ ነው። ሙቀት ሲጨምር የዕረፍት ወጪው ያድጋል፤ ኦክሲጅን ሲቀንስ ደግሞ የከፍተኛው ገቢ ጣሪያ ዝቅ ይላል። ወጪውና ጣሪያው በተቀራረቡ መጠን ትርፉ ይጠባል።

ብሬት የተባለው ሌላ ካናዳዊ ተመራማሪ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሙከራ ወጣት የሳልሞን ዓሦችን ውሃ በሚፈስበት ዝግ ቱቦ ውስጥ እያዋኘ ይህን በመለኪያ አሳይቷል። ዓሦቹ ለረዥም ጊዜ ሊዋኙ የቻሉበት ፍጥነት እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ካደገ በኋላ፣ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ታች ተመልሷል። ከ15 ዲግሪ በላይ ያሉት ዓሦች አልሞቱም፤ የመዋኘት ዐቅማቸው ግን ቀንሶ ነበር። በኢትዮጵያ ያሉት ዓሦች ከሳልሞን ይልቅ ሙቀትን ስለሚችሉ ቁጥሩ ለእነርሱ አይሠራም፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

ረ. የቡና ወራትና የወንዙ ኦክሲጅን

እስካሁን የተገለጠው በቤንችና በቴፒ ወንዞች ላይ በግልጽ የሚፈተነው በቡና ወራት ነው። ቀይ እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያ ሲፈለፈል ልጣጩ ይነሣል፤ በፍሬው ላይ የሚቀረው ለሃጭም በገንዳ ውስጥ ከተብላላ በኋላ በውሃ ይታጠባል። ለዚህ ሥራ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። ስለሆነም መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚተከሉት በወንዝ ዳር ነው። በፀሐይ የሚደርቀው ጀንፈል ቡና ግን ይህን ያህል ውሃ አይጠይቅም።

ልጣጩና ለሃጩ በስኳርና በመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች የተሞሉ ናቸው። ይህ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከገባ ለባክቴሪያ ሰፊ ማዕድ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹም እየተራቡ ምግቡን ሲያፈርሱ የወንዙን ኦክሲጅን ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ፍሳሹ በራሱ ዓሣን የሚመርዝ ነገር ባይሆን እንኳ ዓሣውን የሚያፍነው መሆኑ ነው። በተጨማሪም የተብላላው ፍሳሽ አሲድነት ስላለው የስንጥቡን ስስ ቆዳ ይጎዳል፤ ዓሣው ጨዉን ጠብቆ ለመኖር የሚያወጣውንም ጉልበት ይጨምርበታል። ስለዚህ በፍራይ አከፋፈል አንዱ ፍሳሽ ገዳቢም አባካኝም ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

በጅማ አካባቢ ባሉ ወንዞች ላይ የተደረገና በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ በመፈልፈያው ወቅት ከጣቢያዎች በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ከሞላ ጎደል ተሟጥጦ መገኘቱን አሳይቷል።

የወቅቱ አቀማመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። እሸት ቡና በብዛት የሚፈለፈለው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ዝናቡ ስለሚቀንስ ወንዙም ይጎድላል፤ ፍሳሹን የሚያቀጥነው ውሃ የሚያንሰው እንግዲህ ፍሳሹ በሚበዛበት ጊዜ ነው። በክረምት የሚራቡት ዓሦች ጫጩቶችም በዚሁ ወቅት ገና ትናንሽ ናቸው። ከቀኑ ሰዓቶች ደግሞ እጅግ አስጊው ንጋት ነው። በውሃ ውስጥ ያሉ ዕፅዋት ኦክሲጅን የሚሰጡት በብርሃን ጊዜ ሲሆን፣ ሌሊቱን ሁሉም ተንፋሽ ብቻ ሆኖ ስለሚያድር ጎሕ ሲቀድ የወንዙ ኦክሲጅን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል።

በችግር ላይ ያለ ዓሣ የሚያሳያቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ከአየር ጋር የሚገናኘው የውሃ ገጽ ኦክሲጅን ስላለው አፉን ወደዚያ አቅርቦ ይተነፍሳል፤ የስንጥቡ ክዳን በፍጥነት ይመታል፤ ንጹሕ ጅረት በሚገባበት ስፍራ ይሰበሰባል፤ የሰው ጥላ ሲያርፍበትም እንደ ወትሮው አይሸሽም። የመጨረሻው ምልክት ትርፍ ጉልበቱ ማለቁን የሚያሳይ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት ይገባል።

ሰ. ብርብራና እንዶድ

በቡና ማሳ ውስጥ ለጥላ ከሚተዉት ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ሲሆን፣ ፍሬው ተወቅጦ ወደ ውሃ ሲጨመር ዓሣን እንደሚያሰክር ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል። ሮቴኖን በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶ በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚመረትበትን ሥራ ያቆማል። ደሙ ኦክሲጅን ይዞ ሳለ ሕዋሱ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ይህም ጎተራው በእህል ተሞልቶ ወፍጮው እንደ ቆመበት ቤት ነው። ብርብራ የሚያሰክረው ለምግብ የሚፈለገውን ትልቁን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ጫጩቱንም ጭምር ስለሆነ የአንድ ቀን ጥጋብ የሚመጣውን ዓመት ያስርባል።

እንዶድም በዚሁ ረገድ መጠቀስ ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዐድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምራቸውን መጀመራቸው የታወቀ ነው። ምርምሩ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመዋጋት ትልቅ ተስፋ የሰጠ ሲሆን፣ በእንዶድ ውስጥ ያለው አረፋ ሰጭ ንጥረ ነገር ግን የዓሣን ስንጥብ ስለሚጎዳ አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል። ከሁለቱ ምሳሌዎች ተማሪው የሚረዳው፣ ለሰው የሚጠቅም ነገር በውሃ ውስጥ ለሚተነፍስ እንስሳ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሸ. ዓሦች ያሏቸው ልዩ ልዩ መላዎች

ኦክሲጅን ማነስ የሰው ሥራ ብቻ ያመጣው ሁኔታ አይደለም። በጋምቤላ ሜዳ ያሉት ረግረጎችና ኩሬዎች በተፈጥሯቸው ኦክሲጅን ያነሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚያ የሚኖሩ ዓሦች ልዩ ልዩ መላ አላቸው። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ተጨማሪ አካል ስላለው አየር በቀጥታ ሊተነፍስ ይችላል። በባሮ ተፋሰስ ያለው ባለ ሳንባ ዓሣም በየጊዜው ወደ ውሃው ገጽ እየወጣ አየር ይስባል። በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት ደግሞ በአንድ ትንሽ የባርቦ ዐይነት ውስጥ እንኳ፣ በረግረግ የሚኖሩት በወራጅ ጅረት ከሚኖሩት ይልቅ ሰፊ ስንጥብ እንዳላቸው አረጋግጧል።

በላይኛው የወንዙ ክፍል ያለው ፈተና የውሃው ፍጥነት ነው። በሳይንስ ‹ጋራ› የሚል የወል ስም የተሰጣቸው ትናንሽ ዓሦች ከአፋቸው በታች ባለ መጣበቂያ ገበቴ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ስለሚያርፉ፣ ከፍሰቱ ጋር ሁልጊዜ መታገል አያስፈልጋቸውም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ በኢሉባቦር በሚፈሰው በሶሬ ወንዝ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ስድስት ልዩ ልዩ መልኮች በአንድነት እንደሚኖሩ ገልጧል። ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ወንዝ ውስጥ መገኘቱ የደቡብ ምዕራብ ወንዞች ምን ያህል ሀብት እንደ ያዙ ያመለክታል።

ሆኖም እያንዳንዱ መላ ለአንድ ፈተና የተበጀ ነው። በድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ዓሣ በኦክሲጅን የጠገበ ፈጣን ውሃ የለመደ እንጂ አየር የሚተነፍስበት አካል የለውም። ስለዚህ ተመሳሳይ ፍሳሽ በሁለት ስፍራ ቢፈስ ጉዳቱ እኩል አይሆንም፤ አምባዛ የሚቋቋመው ሁኔታ የላይኛውን ወንዝ ዓሣ ይጨርሰዋል። በአንድ ወንዝ ውስጥ አምባዛ ብቻ ሲቀር ‹ዓሣ አለ› ብሎ መደምደም ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በመስከረም ስለሆነ፣ ቡና በሚበቅልበት አገር ስለ ዓሣ የሚሰጠው ትምህርት በጥቅምትና በኅዳር ቢመደብ ርእሱና ወንዙ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ይኸው ምልከታ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢደገም ደግሞ ተማሪዎች የሚያነጻጽሩት ነገር ያገኛሉ። የሚከተሉት ሥራዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

1ኛ. ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ጥቂት ቆይቶ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚታዩት ትናንሽ አረፋዎች፣ ውሃ ሲሞቅ የያዘውን አየር እንደሚለቅ ያሳያሉ።

2ኛ. አንድ ትንሽ ዓሣ በወንዙ ውሃ በተሞላ ሰፊ ማሰሮ ወይም ባልዲ ውስጥ ይደረግና የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይቆጠር። ውሃው በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ከሞቀ በኋላ ቁጥሩ እንደገና ይወሰድ። ከዚያ በላይ ማሞቅ አይገባም፤ ዓሣውም ወዲያው ወደ ተያዘበት ስፍራ ይመለስ።

3ኛ. በወንዙ ዳር 10 ሜትር ተለክቶ ቅጠል በውሃው ላይ ይጣል፤ የፈጀውም ጊዜ ይመዝገብ። በመካከልና በድንጋይ ጀርባ ያለው ፍጥነት ሲነጻጸር ዓሣው የሚያርፍበት ስፍራ ለምን እንደተመረጠ ይገለጣል።

4ኛ. ከመፈልፈያ ጣቢያ በላይና በታች ድንጋይ እየተገለበጠ ከሥሩ የሚገኙት ትናንሽ ነፍሳት በዐይነትና በብዛት ይቆጠሩ። ኦክሲጅን ባነሰበት ስፍራ የነፍሳቱ ዐይነት ይቀንሳል።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ተማሪዎች ከወንዙ ዳርቻ እንዳይርቁ፣ በጎርፍ ጊዜም እንዳይወርዱ መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ አንድ ነጥብ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ወንዝ ራሱን የማደስ ችሎታ አለው፤ ፏፏቴና ድንጋያማ ስፍራ ውሃውን ከአየር ጋር እያማታ ኦክሲጅኑን ይመልስለታል። ለዚህ ግን ርቀትና ጊዜ ያስፈልጉታል። ሁለተኛው ጣቢያ ወንዙ ከመጀመሪያው ፍሳሽ ሳያገግም ከተተከለ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መጠነኛ የሚመስለው ጉዳት ተደራርቦ የወንዙን ዕድሜ ያሳጥራል። ጥቂት ውሃ የሚጠቀሙ መፈልፈያዎች፣ የታጠበበትን ውሃ መልሶ መጠቀም፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች፣ ልጣጩን ወደ ማዳበሪያ መለወጥና በወንዙ ዳር ዛፍና ሣር መጠበቅ የታወቁ መፍትሔዎች ናቸው። ቡና ለአካባቢው ሕዝብ የኑሮ መሠረት ስለሆነ ጉዳዩ ከቡናና ከዓሣ አንዱን የመምረጥ ጉዳይ አይደለም። ወንዙን ያቆሸሸው ቡና ከዚያው ወንዝ የሚጠጡትን ሰዎችና ከብቶችም ይነካልና።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጠው የዓሣ ሕይወት በውሃው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሙቀት ወጪውን ይወስናል፤ ኦክሲጅን ገቢውን ይገድባል፤ አሲድ፣ ደለልና መርዝ ደግሞ ያለውን ያባክኑበታል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው ጉልበት ነው ዓሣው የሚዋኝበት፣ የሚያድግበትና የሚራባበት። ይህን የተረዳ ተማሪ ከወንዝ ዳር ቆሞ የሞተ ዓሣ እስኪያይ ድረስ አይጠብቅም። ጥላው ሲያርፍበት የማይሸሽ ዓሣ ባየ ጊዜ ወንዙ መታመሙን ያውቃል፤ ያወቀውንም ለመምህሩና ለወላጆቹ ለመናገር ይችላል። ትምህርቱ ፍሬ ሰጠ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።